ያቺ አንዲት ኦክስጅን፦ ስለ ዲኤንኤና አርኤንኤ የጠየቃችሁን

ሰላም ወዳጆች። ባለፈው እትም "ስለ ዲኤንኤ የሚከነክናችሁን ጻፉልን" ብለን ነበርና ብዙ ደብዳቤ መጣ፣ ሁሉንም ለመመለስ ቦታው አይበቃም፣ ስድስቱን መረጥኩ። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አይገናኙም፣ አንዷ ስለ ልጃቸው ተጨንቀው ነው የጻፉት፣ አንዱ ስለ ፈተና፣ አንዱ ስለ ድንቅነሽ። ግን ለመመለስ ስቀመጥ አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ መጡብኝ፣ ስኳሩ ላይ ያለች ወይም የሌለች አንዲት የኦክስጅን አተም ላይ። ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ ረዘም አድርጌዋለሁ፣ እሱን ያነበበ ሌላው ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ "ልጄ አሜሪካ ነው ያለው፣ ሊወስደኝ ፕሮሰስ ጀምሮ የዲኤንኤ ምርመራ አድርጉ ተባልን። ጉንጬን ከውስጥ በኩል ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው እንጨት አሹኝና በወረቀት ፖስታ አድርገው ላኩት፣ በረዶ የለ ፍሪጅ የለ። የኮሮና ጊዜ ግን ከአፍንጫዬ የወሰዱትን ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተው በበረዶ ሳጥን ነው ያስኬዱት። አሁን ይሄኛው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ልጅሽ አይደለም ቢሉኝስ? እንቅልፍ አጣሁ።" ወ/ሮ ዘ. ከኮልፌ

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ይተኙ። ናሙናው ቢበላሽ እንኳ ላቦራቶሪው የሚለው "አልተነበበም፣ ድጋሚ ስጡ" ነው፣ ብልሽት የእርስዎን ዲኤንኤ ወደ ሌላ ሰው ዲኤንኤ አይለውጠውም። የሚያዩት ሃያ ገደማ የተመረጡ ቦታዎችን ነው፣ በየቦታው አንድ አጭር ቃል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጥራሉ፣ ልጅዎ በየቦታው ሁለት ቁጥር አለው፣ አንዱ ከእርስዎ አንዱ ከአባቱ፣ እሱን ነው የሚያመሳክሩት።

የወረቀት ፖስታውም ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ወረቀት ያስተነፍሳል፣ ጥጡ ይደርቃል። ፌስታል ውስጥ ቢያስገቡት ኖሮ ምራቁ ታምቆ ሻጋታና ባክቴሪያ ያፈራ ነበር፣ እነሱ ናቸው ዲኤንኤውን የሚበሉት። ደርቆ እስከተቀመጠ ድረስ ግን ዲኤንኤ ሳምንትም ወርም ከዛም በላይ ምንም አይሆንም።

ታዲያ የኮሮናው ለምን በበረዶ? ምክንያቱም የኮሮና ቫይረስ ዲኤንኤ የለውም፣ የዘር መልእክቱን የያዘው የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ በሆነው በአርኤንኤ ነው፣ 30,000 ገደማ ፊደል ያለው አንድ ረጅም አርኤንኤ። እዚህ ጋ ትንሽ ኬሚስትሪ ልግባና ይታገሱኝ። ዲኤንኤም አርኤንኤም ሰንሰለት ናቸው፣ የሰንሰለቱ አከርካሪ ስኳር ፎስፌት ስኳር ፎስፌት እያለ ይሄዳል፣ በየስኳሩ ላይ ደግሞ አንዳንድ ፊደል ተንጠልጥሏል፣ ፊደል የምለው ኬሚስቶች ቤዝ የሚሉትን ነው። ስኳሩ አምስት ካርቦን አለው። አርኤንኤ ውስጥ ሁለተኛው ካርቦን ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተያይዘው ተቀምጠዋል፣ ዲኤንኤ ላይ ግን ኦክስጅኗ የለችም፣ ሃይድሮጅን ብቻ ነው ያለው። የስሙ መጀመሪያ ላይ ያለው "ዲኦክሲ" ማለት ይሄው ነው፣ ኦክስጅን የጎደለው።

ይቺ ኦክስጅን የተቀመጠችበት ቦታ ነው ጉዱ። ቀጥሎ ያለው ፎስፌት አጠገቧ ነው፣ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች። ሃይድሮጅኗን ስትጥል፣ በተለይ አካባቢው ወደ አልካሊነት፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ሲያደላ፣ ዞር ብላ ፎስፌቱን ትይዘዋለች፣ እሷ ስትይዘው ፎስፌቱ ከሚቀጥለው ስኳር ይላቀቃል፣ በቃ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ማለትም አርኤንኤ የሚቆርጠውን ቢላ ራሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። ጠንካራ አልካሊ ውስጥ አንድ ሌሊት ብታሳድሩት ጠዋት የምታገኙት ብትንትን ያለ ፊደል ብቻ ነው፣ ዲኤንኤ እዛው ውስጥ ቢያድር ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ እንጂ አከርካሪው አይበጠስም።

ይሄ ሳያንስ ደግሞ አርኤንኤን የሚቆርጥ ኢንዛይም በየቦታው አለ፣ ቆዳችን ላይ፣ ላባችን ውስጥ፣ ምራቃችን ውስጥ። ዲኤንኤን የሚቆርጠው ኢንዛይም ማግኒዚየምና እርጥበት ይፈልጋል፣ ሲደርቅበት ስራ ያቆማል፣ አርኤንኤ ቆራጩ ግን ማግኒዚየም እንኳ አያስፈልገውም፣ በደንብ የተጠናው አንዱ አይነት ጭራሽ ብታፈሉትም ሲበርድ ተመልሶ ስራውን ይጀምራል። እኔ ተማሪ እያለሁ ከእርሾ አርኤንኤ ለማውጣት ሦስት ቀን ለፍቼ መጨረሻ ላይ የቱቦውን ክዳን ከውስጥ በኩል ጓንት ባላጠለቀ እጄ ነካሁት፣ በማግስቱ ጄሉ ላይ፣ ማለትም አርኤንኤን በርዝመቱ የምንለይበት ዝልግልግ ነገር ላይ፣ ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ይታያሉ ብዬ ስጠብቅ ያየሁት ወደ ታች የተንጠባጠበ ጭጋግ ነበር። ከዛ ቀን ወዲህ ጓንት ሳላደርግ አርኤንኤ ወዳለበት ጠረጴዛ አልቀርብም። የኮሮና ምርመራ ላይም ላቦራቶሪው የመጀመሪያ ስራው አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ፒሲአር የሚያበዛው።

ደካማ ሆነ ማለት ግን ጎደሎ ነው ማለት አይደለም፣ ይሄ እንዲገባችሁ በጣም እፈልጋለሁ። ዲኤንኤ በቤተክርስቲያን ዕቃ ቤት እንደተቀመጠ ብራና ነው፣ ትውልድ መሻገር አለበት። አርኤንኤ ደግሞ ከብራናው ለዛሬ ስራ የተገለበጠች ቁራጭ ወረቀት ናት፣ ስራው ሲያልቅ መቀደድ አለባት፣ ካልተቀደደች ሴሉ ትናንት የታዘዘውን ዛሬም ነገም እየሰራ ይኖራል። ባክቴሪያ ውስጥ እድሜዋ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው፣ እኛ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት። ደግሞ ያቺው ቢላ የምትመስለው ኦክስጅን አርኤንኤ ተጣጥፎ ቅርጽ እንዲይዝና እንደ ኢንዛይም እንዲሰራ ታግዛለች፣ አርኤንኤ እንደ ኢንዛይም መስራት እንደሚችል ያሳዩት ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን በ1989 ኖቤል ተሸልመውበታል (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮቲን የሚሰራው ራይቦዞም ራሱ ልቡ አርኤንኤ ነው።

ጥያቄ፦ "ዲኤንኤ አሲድ ከሆነ ለምን አያቃጥለንም? የባትሪ አሲድም አሲድ ነው እኮ።" ቢ. ከአዳማ

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ቢ.፣ ብዙ ሰው አፍሮ የማይጠይቀው። አሲድ ማለት ሃይድሮጅኑን አውልቆ የሚሰጥ ነገር ነው። በየፎስፌቱ ላይ አንድ የሚወልቅ ሃይድሮጅን አለ፣ ሰውነታችን ውስጥ ግን ገና ድሮ ወልቋል፣ በቦታው ሶዲየም፣ ማግኒዚየም ወይም ፕሮቲን ተተክቷል። ስለዚህ የምንሸከመው የአሲዱን ጨው ነው፣ የሚያቃጥል ነገር የለውም። ሪቻርድ አልትማን የሚባል ጀርመናዊ በ1889 ኒውክሊክ አሲድ ብሎ ሰየመው፣ እስከዛሬ በዛው ቀረ። ነገሩን መጀመሪያ ያገኘው ግን ፍሪድሪክ ሚሸር ነው፣ በ1869 ቱቢንገን ከተማ ውስጥ፣ ከሆስፒታል ከሚጣል የቁስል ፋሻ ላይ መግል እያጠበ።

የአሲድነቱ ጉዳይ ትልልቅ ሰዎችን አሳስቷል። ላይነስ ፖውሊንግ፣ ያኔ በዓለም ላይ ከሱ የሚበልጥ ኬሚስት አለ ለማለት የሚከብድ ሰው፣ በ1953 መጀመሪያ ላይ ባለ ሦስት ክር ሞዴል አወጣ፣ ፎስፌቶቹን መሃል ላይ አጭቆ፣ ሃይድሮጅናቸውን ሳያወልቅ። እንደዛ ከሆነ ደግሞ አሲድ አይደለም ማለት ነው! ሃይድሮጅኑ ሲወልቅ ፎስፌቶቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ፣ ኔጌቲቭና ኔጌቲቭ ይገፋፋሉ፣ መሃል ላይ ታጭቀው መኖር አይችሉም። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ለንደን ውስጥ በኤክስሬይ እየሰራች ፎስፌቱ ውጪ ነው ውሃው በኩል ነው እያለች ነበር፣ ትክክል ነበረች። የዋትሰንና ክሪክ ባለ ሁለት ክር ሞዴል ሚያዝያ ላይ ሲወጣ ፎስፌቱ ውጪ፣ ፊደሎቹ ውስጥ ሆነው ነው። እሷ በ1958 በ37 ዓመቷ አረፈች፣ ኖቤሉ በ1962 ለሦስት ወንዶች ተሰጠ፣ ይሄ ሁልጊዜ ያመኛል።

ጥያቄ፦ "12ኛ ክፍል ነኝ። መምህራችን 'ዲኤንኤ ላይ ታይሚን፣ አርኤንኤ ላይ ዩራሲል፣ ሸምድዱት' ብሎ አለፈው። ግን ለምን? ሁለቱም ከአዴኒን ጋር ነው የሚገጥሙት፣ አንዱ አይበቃም ነበር?" ይ. ከደሴ

መልስ፦ ይ. ጎበዝ፣ መሸምደድ እምቢ ያልክበት ቦታ ትክክለኛው ቦታ ነው። በመጀመሪያ ታይሚንና ዩራሲል የሚባሉትን ፊደሎች ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርገህ አትያዛቸው፣ ታይሚን ማለት ሜቲል የተለጠፈበት ዩራሲል ነው፣ አንድ ካርቦን ሦስት ሃይድሮጅን፣ እሷ ብቻ ናት ልዩነቱ።

አሁን ሌላውን ፊደል ሳይቶሲንን ተመልከት። ሳይቶሲን ላይ አንድ የአሚን ቡድን (ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን) አለ፣ ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ማንም ሳይነካው አልፎ አልፎ ይወልቅበታል። ሲወልቅ ምን ይሆናል? ዩራሲል ይሆናል፣ ቁርጥ ራሱን ዩራሲልን። ይሄ በአንድ ሴል ውስጥ በቀን 100 ጊዜ ያህል እንደሚደርስ ነው የሚገመተው። ሐ የነበረው ፊደል ሀ ሆኖ ሲነበብ አስበው፣ ትርጉሙ ተለወጠ፣ ሚውቴሽን ነው።

እንግዲህ ዲኤንኤ በታይሚን ፋንታ ዩራሲልን መደበኛ ፊደል አድርጎ ቢጠቀም ኖሮ ጠጋኙ ኢንዛይም ዩራሲል ሲያይ ግራ ይገባዋል፣ ይሄ የራሱ ቦታ ነው ወይስ የተበላሸ ሳይቶሲን ነው? መለያ የለውም። ዲኤንኤ ግን ለትክክለኛው ሜቲል ምልክት አድርጎበታል፣ ከብቶችህን ምልክት አድርገህ እንደምታሰማራው። ምልክት የሌለው ዩራሲል ዲኤንኤ ውስጥ ከተገኘ ያለጥርጥር እንግዳ ነው፣ ኢንዛይሙ መጥቶ ነቅሎ ይጥለዋል። ይሄን ኢንዛይም ያገኘው ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል ነው፣ 1974 ላይ፣ በ2015 ኖቤል ተሸልሟል።

አርኤንኤስ? እሱ በሰዓታት ውስጥ የሚጣል ቅጂ ነው ብለናል፣ አንዱ ቅጂ ላይ አንድ ፊደል ቢበላሽ ሌሎች ቅጂዎች አሉ፣ ሜቲል ለመለጠፍ ደግሞ ሴሉ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል፣ ለዛሬ ወረቀት ማን ወርቅ ቀለም ያባክናል። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ፣ ፈተና ላይ ላይመጣ ይችላል። ሰውነታችን አንዳንድ ሳይቶሲኖች ላይ ራሱ ሜቲል ይለጥፋል፣ ጂን ለማጥፋትና ለማብራት። እነዚህ አሚናቸው ሲወልቅ ዩራሲል ሳይሆን ምልክት ያለው ታይሚን ይሆናሉ፣ ጠጋኙ በቀላሉ አያውቃቸውም፣ ለዛ ነው እነዚህ ቦታዎች ላይ ሚውቴሽን በብዛት የሚታየው። ዘዴው ያላሸነፈው ቦታ እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ "ሪያድ ነው የምሰራው፣ ያኔ በኮሮና ጊዜ ፋይዘር ተወግቻለሁ። እስከዛሬ ሰው ዲኤንኤሽ ተቀይሯል ይለኛል። ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ፣ እውነቱን ንገሩኝ።" ሰ.

መልስ፦ ሰ. እህቴ፣ ዲኤንኤሽ አልተቀየረም። የክትባቱ አርኤንኤ የሚሰራው ከኒውክለስ ውጪ ነው፣ ራይቦዞም ያነበዋል፣ ፕሮቲኑ ይሰራል፣ ከዛ ይበጣጠሳል። ዲኤንኤሽ ያለው ኒውክለስ ውስጥ ነው፣ ደግሞም አርኤንኤ ዲኤንኤ ላይ ለመጻፍ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ ቀጥሎም ከክሮሞዞም ጋር መሰፋት አለበት፣ ኤችአይቪ ይሄን የሚያደርገው ሁለቱንም ኢንዛይም ይዞ ስለሚመጣ ነው፣ ክትባቱ ውስጥ ሁለቱም የሉም።

ደካማነቱን ደግሞ ራስሽ አይተሽዋል፣ ፋይዘር ሲመጣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ይፈልግ ነበር፣ አርኤንኤውና የተጠቀለለበት የቅባት ኳስ ሁለቱም በሙቀት ስለሚበላሹ። በ2013 ዓ.ም. አገራችን መጀመሪያ የገባው አስትራዜኔካ ግን በተራ ፍሪጅ ነው የተቀመጠው፣ እሱ መልእክቱን የያዘው ዲኤንኤ ባለው ቫይረስ ውስጥ ነው፣ የቫይረሱ የፕሮቲን ዛጎልም ይጠብቀዋል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2005 ያሳተሙት ስራ ዩራሲል የተሸከመችውን ቁራሽ ትንሽ በተለወጠች እህቷ በመተካት ሰውነት አርኤንኤውን እንደ ወራሪ አይቶ እንዳይቆጣ አደረገ፣ በ2023 ኖቤል ተሸለሙበት። ልጅ መውለድሽን ግን በዚህ ምክንያት አታዘግዪ።

ጥያቄ፦ "የድንቅነሽን ዲኤንኤ መርምረው ከማን ጋር እንደምንዛመድ ለምን አይነግሩንም?" መ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ መ. ወንድሜ፣ ብንችል ኖሮ እኔም የመጀመሪያው ተሰላፊ ነበርኩ። ድንቅነሽ በ1974 ሀዳር ላይ ስትገኝ እድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ አጥንቷ ወደ ድንጋይነት ተለውጧል። ዲኤንኤ ጠንካራ ነው ስል ከአርኤንኤ አንጻር ነው፣ እሱም ቢሆን ቀስ እያለ ውሃ ይቆርጠዋል፣ በተለይ አዴኒንና ጓኒን የሚባሉት ፊደሎች ከስኳሩ እየተነቀሉ ይወድቃሉ፣ በቁም ሳለን በየሴሉ በቀን 10,000 ገደማ ይነቀላሉ፣ ጠጋኝ ስላለን ነው የምንቆየው። ስንሞት ጠጋኙ ያቆማል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፣ አፋር ደግሞ አፋር ነው። እስከዛሬ ከተነበቡት ሁሉ እጅግ የቆየው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ነው፣ እሱም ግሪንላንድ ከቀዘቀዘ አፈር ውስጥ።

ግን የኛ አገር ሌላ ታሪክ አላት። ጋሞ ደጋ ላይ ሞጣ የሚባል ዋሻ አለ፣ የጎጃሙ ሞጣ አይደለም። በ2012 እዛ ውስጥ የተቀበረ ሰው ተገኘ፣ 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው፣ ባይራ አሉት፣ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው። ዋሻው ከፍታ ላይ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው፣ የጆሮን ውስጠኛ ክፍል ከያዘው ጠጣር አጥንት ዲኤንኤ ወጣለት፣ በ2015 ሲታተም ሙሉ ጂኖሙ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ። ከዛሬ ሰዎች በጣም የሚቀርቡት አሪዎች ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ከዩሬዥያ (ከአውሮፓና እስያ) የተመለሰ ዘር መላው አፍሪካ ተዳርሷል ብለው ነበር፣ በኋላ የኮምፒውተር ስሌቱ ላይ ስህተት አግኝተው ራሳቸው አረሙት፣ ይሄን ማረማቸው ስራቸውን ይበልጥ እንዳምነው አድርጎኛል።

ደግሞ ለደሴው ይ. የነገርኩት ነገር እዚህ ተመልሶ ይመጣል። ጥንታዊ ዲኤንኤ ክሩ ጫፍ ጫፍ ላይ ሳይቶሲኑ ወደ ዩራሲል ተቀይሮ ይገኛል፣ ማሽኑ እንደ ታይሚን ያነበዋል። ተመራማሪዎች ይሄን ብልሽት ፈልገው ነው የእውነት የጥንቱ ሰው ይሁን ወይስ የቆፋሪው ላብ የሚለዩት፣ ያረጀ ዲኤንኤ እድሜውን በቁስሉ ይናገራል።

ጥያቄ፦ "ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ት/ቤታችን ላቦራቶሪ የለውም፣ ልጆቹ ዲኤንኤ በዓይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ። በሙዝ ይሰራል ሲሉ ሰማሁ። አልኮሉ በአረቄ ቢተካስ?" መምህርት ት.

መልስ፦ ት. እህቴ፣ ይሄ ጥያቄሽ ነው ከሁሉም ያስደሰተኝ። የበሰለ ሙዝ ግማሹን ፌስታል ውስጥ አድርገሽ ጓሉ እስኪጠፋ እሺው። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረሽ አረፋ ሳታስነሺ አማስይና ሙዙ ላይ አፍስሺው፣ አስር ደቂቃ ይቆይ። ሳሙናው የሴሉንና የኒውክለሱን ሽፋን ያሟሟዋል፣ ቅባት ስለሆነ። በንጹህ ሻሽ አጥልለሽ ወደ ጠባብ ብርጭቆ አስገቢው፣ ከዛ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ አልኮል ብርጭቆውን አዘንብለሽ በግድግዳው በኩል ቀስ ብለሽ በላዩ አውርጂው፣ እኩል መጠን ያህል፣ እንዳይደባለቅ። አልኮል በቀላሉ ይያያዛልና እሳት አጠገብ እንዳይሆን። ሁለቱ ፈሳሾች የሚገናኙበት ላይ መጀመሪያ ጉም፣ ከዛ ነጭ ክር ይታይሻል።

አረቄ አይሆንም። ዲኤንኤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ፎስፌቶቹ ቻርጅ ስላላቸው ነው፣ ውሃ ይከባቸዋል። የጨው ሶዲየም ቻርጁን ይሸፍነዋል፣ አልኮሉ ደግሞ ውሃውን ገፍቶ ሶዲየምና ፎስፌት እንዲጣበቁ ያደርጋል፣ ያኔ ክሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይወጣሉ። ለዚህ አልኮሉ መብዛት አለበት፣ አረቄ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፣ ዲኤንኤሽ ሟሙቶ ይቀራል። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70ውም ደካማ ነው፣ 95 ወይም 97 የሚል ፈልጊ።

ለልጆቹ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ያ ነጭ ክር ንጹህ ዲኤንኤ አይደለም፣ አርኤንኤም ፕሮቲንም የሙዙ ፔክቲንም ተቀላቅሎበታል። በኃይል አታማስዪው፣ ክሩ ረጅም ስለሆነ ይበጣጠሳል፣ በስንጥር ጫፍ ቀስ ብለሽ ጠቅልለሽ አውጪው። ከዛ አልኮል ያለበት ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርገሽ ቀዝቃዛ ቦታ ካስቀመጥሽው የዘንድሮ ልጆች ያወጡትን ለከርሞዎቹም ታሳያለሽ።